ግቢዬ ያለው ቀርከሃ ምን ዓይነት ነው? የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። "ይቺ ቀርከሃ ምንድን ናት?" የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ ዛሬ ከሰዓቱን ሙሉ እዚሁ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የቀርከሃ ችግኝ ማፍላት ከጀመርኩ 18 ዓመት አልፎኛል። የማውቀውን እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ሥራዬን አቅልሉልኝ።

ስትጠይቁ አራት ነገር ንገሩኝ። ቦታው ደጋ ነው ቆላ? ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ ክፍት ነው ድፍን? ግንዶቹ እጅብ ብለው ነው ወይስ ተራርቀው የቆሙት? ልባሱስ ምን ይመስላል? ልባስ የምለው አዲሱ ቡቃያ ከመሬት ሲወጣ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ነው፤ የበቆሎ እሸት እንደሚለብሰው። የቀርከሃ መታወቂያው እሱ ነው። የቅጠል ፎቶ ብቻ አትላኩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ቡቃያውን አትብሉ። ከአጥርና ከውሃ ቧንቧ አጠገብም አትትከሉ።

ከሰሚት፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ቤቱን ስንገዛ ግቢው ውስጥ ያገኘነው ነው። ቁመቱ ከፎቁ ይበልጣል። የቅጠሉን ፎቶ ልኬያለሁ፤ ምንድን ነው?

መልስ፦ ደህና ነኝ እህቴ። ከላይ የጻፍኩትን አንብቢ። አንድ ግንድ ቁረጪና ክፍት ይሁን ድፍን ንገሪኝ። ከሥሩ የረገፈውን ደረቅ ነገር ደግሞ ገለጥ ገለጥ አድርጊ፤ ልባሱ እዚያ ነው ያለው።

ከሰበታ፦ ወንዝ ዳር ያለችው ቦታችን ላይ በራሱ የበቀለ ነው። አናቱ ላይ እንደ ፈረስ ጭራ ያለ ነጣ ያለ ላባ አውጥቷል። ቀርከሃ ከሆነ ቆርጬ ልሸጠው ብዬ ነው።

መልስ፦ ሸምበቆ ነው። ላባውን ስትነግረኝ አለቀ። ቀርከሃ እንዲህ ያለ ላባ አያወጣም። ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ግን አንዴ ልናገር። ሸምበቆ ቅጠሉን የሚያወጣው ከዋናው ግንድ ላይ ነው፤ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ልክ እንደ በቆሎ። የቅጠሉ ግርጌ ሰፋ ብሎ ግንዱን ያቅፋል። የቀርከሃ ቅጠል ያለው ቅርንጫፉ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዝበት ቀጭን አጭር አንገት አለው። አንገቱን ካጣችሁት ቀርከሃ ብላችሁ አትጥሩት። ለጣሪያና ለአጥር ግን ሸምበቆም ይሸጣል፤ አትዘን።

ከአያት፦ ከስጦታ ዕቃ ሱቅ የገዛኋት፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የምትቀመጥ፣ ግንዷ የተጠማዘዘ ቀርከሃ ቢጫ እየሆነች ነው።

መልስ፦ ቀርከሃ አይደለችም። ድራሴና የምትባል ሌላ ተክል ነች። በዘመድም አይገናኙም። ቀጣይ።

ከእንጅባራ፦ እኛ አገር ሁሉም ቀርከሃ ነው፣ ስሙም አንድ ነው። ጮቄ በኩል ያሉ ዘመዶቻችን ግን ጥፍሮ፣ ወለሌ፣ ወንዴ እያሉ ይለያሉ። እውነት ሦስት ዝርያ አለ?

መልስ፦ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ሦስቱም ዝርያቸው አንድ ነው፤ ደገኛው ቀርከሃ። ገበሬው የሚለየው በግንዱ ውፍረት፣ በጥንካሬውና በሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ ማሽላውን በየስሙ እንደሚለየው ማለት ነው። ልክ ነው፣ ልዩነቱን ዓይኑ ያየዋል። በዕፅዋት ሳይንስ ግን አንድ ስም ነው ያላቸው።

የስሙን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ይሄ ደገኛ ቀርከሃ ስም ሲቀያየርበት ነው የኖረው። መጀመሪያ አሩንዲናሪያ አልፒና ተባለ፣ ከዚያ ዩሻኒያም ሲናሩንዲናሪያም ተብሏል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ኦልዲያኒያ አልፒና ተባለ። ኦልዲያኒ ታንዛኒያ ውስጥ ንጎሮንጎሮ አካባቢ ያለ ተራራ ነው፤ ቃሉ በማሳይኛ ቀርከሃ ማለት ነው። እስያ ካሉት ዘመዶቹ ጋር ሲደረብ ኖሮ በመጨረሻ የአፍሪካ ስም አገኘ። እኔ በግሌ ደስ ብሎኛል። የቆዩ መጻሕፍት ላይ ሌላ ስም ካያችሁ ግራ አይግባችሁ።

ከሞላ ጎደል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው የሚገኘው። አዊ፣ ሲዳማ ሀገረ ሰላም፣ ጋሞ ጨንቻ፣ ሸካ ማሻ፣ ባሌ። የዶርዜ ቤት የሚሠራው ከሱ ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ ግንዶቹም እርስ በርስ ሳይጣበቁ ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሁለተኛው የአገራችን ዝርያ ቆለኛው ነው፣ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ። እሱ ከ1,800 ሜትር በታች፣ እጅብ ብሎ፣ ግንዱም ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። የአገራችን ቀርከሃ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሌላው ሁሉ ከውጭ የገባ ነው።

ከአሶሳ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እሱን እኛ ሽመል ነው የምንለው። ቀርከሃማ የእንጅባራው ነው።

ከእንጅባራ፦ ሽመል እኮ ዱላ ነው። እንጨት ሆኖ ዱላ ሆኖ እንዴት ይሆናል?

ከአሶሳ፦ ዱላውስ ከምን የሚሠራ መሰለህ ወንድሜ? የናንተው ክፍት ስለሆነ አንዴ ሰንዝረህ ይሰነጠቃል።

ከእንጅባራ፦ በኛ ወንበር እየተቀመጥክ ነው ይሄን የምትለው! ከዳንግላ ቁልቁል መንገዱ ዳር የተደረደረው ሶፋ ከምን ነው?

ከአዳማ፦ ሁለታችሁም ተዉት፣ ፕላስቲክ ወንበር ይሻላል።

መልስ፦ የአሶሳው ልክ ነው፤ ሽመል ብሎ መለየት ሥራ ያቀላል። እኔም ችግኝ ጣቢያ እያለን "ሽመሉን አምጣ" ነበር የምንባባለው። ሁለቱም ቀርከሃ ናቸው፣ ሁለቱም ለየራሳቸው ሥራ ይሆናሉ። ዱላውን አስቀምጡና ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሐዋሳ፦ ግንዱ ወርቅማ ቢጫ፣ በላዩ ላይ በቀለም ብሩሽ የተሰመረ የመሰለ አረንጓዴ መስመር አለበት። ክፍት ነው፣ ወፍራም ነው፣ እጅብ ብሎ ነው የበቀለው። ልባሱ ላይ ጥቁር ቡናማ ፀጉር አለ።

መልስ፦ ተባረክ። እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ባምቡሳ ቩልጋሪስ ነው፣ ቪታታ የሚባለው ቢጫው ዓይነት። ከእስያ የመጣ ነው፤ ሙቀት ይወዳል፣ ስለዚህ ሐዋሳ ይስማማዋል። አዲስ አበባ እህት ካለችህ ግንጣይ እንዳትልክላት፣ ብርዱ ያሰቃየዋል። ሥሩ ሩቅ አይሮጥም፤ ግን እያደር ይሰፋል። ከአጥር ራቅ።

ከቡራዩ፦ ቀርከሃዬ ከተተከለ 2 ዓመት ሆኖታል፤ አውራ ጣቴን አያክልም። ግንዱ መቼ ነው የሚወፍረው?

መልስ፦ አይወፍርም። ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ወገቡ አይጨምርም። ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ አይሰፋም። የሚወፍረው የሚቀጥለው ክረምት የሚወጣው አዲሱ ቡቃያ ነው፤ እሱም ሥሩ ከጠገበ። ለዚህ ነው ወጣቱን ሳይሆን 3 ዓመት የሞላውን ቁረጡ የምለው። ለወጉ ግን አንተ ስለ ዓይነቱ አልጠየቅኸኝም።

ከቃሊቲ፦ ግቢያችን ያለው ምን ዓይነት ቀርከሃ ነው? የቅጠሉ ፎቶ ከታች አለ።

መልስ፦ ...

ከቃሊቲ፦ ጋሼ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ ወንድሜ። ክፍት ነው ድፍን? ልባሱስ?

ከቨርጂኒያ፦ ጋሼ ከአሜሪካ ነኝ። ፌርፋክስ ውስጥ ቤት ገዛን፣ ጓሮው በቀርከሃ ተሞልቷል። አሁን ደግሞ ከጎረቤት ሣር መሃል ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ሰውዬው ተቆጥቷል። ምን ዓይነት ይሆን? በአንጓው ላይ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ ነው ያለው፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር።

መልስ፦ ሁለቱን ቅርንጫፍ ማስተዋልህ ጥሩ ነው። አሁን ጣትህን ከቅርንጫፉ በላይ ባለው ግንድ ላይ ወደ ላይ ሳብ አድርግ። እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነገር ከነካህ ፊሎስታኪስ ነው፤ ሯጩ ወገን። ቦዩ ብቻውን ቢጫ ሆኖ ሌላው አረንጓዴ ከሆነ አውሬዎሱልካታ የሚባለው ነው። ከታች ያሉት አንጓዎች ተጨናንቀው እንደ ኤሊ ድንጋይ ከሆኑ ደግሞ አውሬያ ነው። የሁለቱም መዘዝ አንድ ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች አግድም ይሮጣል። ለዚህ ነው ከላይ ከአጥር አጠገብ አትትከሉ ያልኩት!

ፌርፋክስ ካውንቲ ከ2023 ጀምሮ ሯጭ ቀርከሃ ከግቢው እንዲወጣ የሚተው ባለቤት ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አለው። ስለዚህ ከጎረቤትህ ጋር ቡና ጠጣና ሥራውን ጀምር። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ላይኛው 30 ሴንቲሜትር ውስጥ ነው። ድንበሩ ላይ ቦይ ቆፍር፣ በዓመት ሁለቴ እየዞርክ ቦዩን የሚሻገረውን ሥር ቁረጥ። ወፍራም የፕላስቲክ ግድግዳም ይቀበራል፣ እስከ 70 ሴንቲሜትር ቢወርድ ጥሩ ነው፣ ጫፉ ከመሬት በላይ ይታይ። ዝም ብሎ ግንዱን መቁረጥ ብቻ ድካም ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የስልኬ መተግበሪያ የኛን "ባምቡሳ" አለው፣ 94 ከመቶ እርግጠኛ ነኝ ብሎ።

መልስ፦ ስልኩ ልባሱን አይቷል?

ከጎተራ፦ የቀርከሃ ችግኝ ዋጋ ስንት ነው?

መልስ፦ ዛሬ ገበያ አይደለም።

ከፓዌ፦ የአያቴ ማሳ ዳር ያለው ሽመል ሁሉ በአንድ ጊዜ አብቦ እየደረቀ ነው። ኳስ የመሰለ የሚዋጋ ነገር አውጥቷል። ሰዉ ረሀብ ሊመጣ ነው ይላል። በሽታ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት?

መልስ፦ ሌላ ዓይነት አይደለም፤ ቆለኛው ራሱ ነው። ያ ኳስ የመሰለው እሾሃም ነገር አበባው ነው። ለብዙ ዓመት ሳያብብ ይቆይና አንድ ቀን መላው ሜዳ አብሮ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ዘሩ ሲረግፍ ሰብስቡት፤ አዲሱ ጫካ ከሱ ነው የሚነሳው። ከብት አታስገቡ፣ እሳት አትልቀቁ፤ ቡቃያው ገና ሣር ስለሚመስል በቀላሉ ይጠፋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የረሀቡ ነገር ግን የአባቶች ወሬ ብቻ አይደለም፤ አይጥ ይበዛል ይባላል።

ከአሶሳ፦ እውነት ነው። ዘሩን የበላ አይጥ ዘሩ ሲያልቅ ወደ ጎተራ ይዞራል።

መልስ፦ ልክ ናችሁ። እንግዲህ ምልክት በሉት፣ መንገዱ አይጥ ነው። ጎተራውን ከወዲሁ ጠግኑ።

ከጅማ፦ ቡቃያው ይበላል ሲባል ሰምቼ ትናንት ከጎረቤት ግቢ ቆረጥኩ። ጥሬውን ሰላጣ ውስጥ ልጨምር?

መልስ፦ አይ! ምን ነበር ያልኩት? የቀርከሃ ቡቃያ ጥሬው ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚፈጥር ነገር አለው። ቤኒሻንጉል የሚበሉት ሰዎች የሚበሉትን ያውቃሉ፣ ቀቅለውም ነው። አንቺ ስሙን እንኳ አላወቅሽውም። ጣዪው። ለጎረቤትም ንገሪ፣ ቡቃያ ቆርጠሽበታል።

ከመቀሌ፦ ጋሼ አንድ ተቃውሞ አለኝ። ቅጠል ምንም አይናገርም ማለትዎ ትንሽ አልበዛም? ዝርያዎቹ በቅጠል ይለዩ የለ?

መልስ፦ ምንም አይናገርም አላልኩም፤ ፎቶው አይናገርም ነው ያልኩት። ቅጠሉ እጃችሁ ላይ ካለ አንድ ነገር ታገኛላችሁ። ወደ ፀሐይ አንሱትና በስተጀርባ እዩት። ከቁመት መስመሮቹ መሃል አግድም የሚያገናኙ ቀጫጭን መስመሮች ኖረው መረብ የመሰለ አራት ማዕዘን ከታያችሁ የብርድ አገር ወገን ነው፤ ደገኛውም፣ የቨርጂኒያው ሯጭም እንዲህ ናቸው። የቁመት መስመር ብቻ ከሆነ ወደ ቆለኛው ወገን ያደላል። ይሄ ግን ወገኑን ነው እንጂ ስሙን አይነግራችሁም። እሺ፣ ተሸነፍኩ፤ ቅጠልም ይጠቅማል።

ከቃሊቲ፦ እንግዲያው የኔን ቅጠል ያዩልኝ!

መልስ፦ ወደ ፀሐይ አንሣው ወንድሜ፣ እኔ ቃሊቲ የለሁም።

ከሰሚት፦ ጋሼ ተመለስኩ። ዘበኛችን አንዱን ቆረጠልኝ፤ ውስጡ ክፍት ነው። ግንዶቹ ተራርቀው ነው የቆሙት፣ በመሃላቸው ሰው ያልፋል። ቦይ የለውም፣ ዳሰስኩት። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ሳነሳው መረብ አየሁ። ደረቁን ስገልጥ ልባሱን አገኘሁ፤ ጀርባው በቀይ ቡናማ ፀጉር ተሸፍኗል፣ ጣቶቼ ላይ ተሰካክቶ እየበላኝ ነው።

መልስ፦ እልል! ደገኛው ነው፤ የአገርሽ ቀርከሃ። ፀጉሩ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ሽመሉም ፀጉራም ነው። ክፍት መሆኑን፣ መረቡን፣ አቋቋሙን ስትጨምሪ ግን ጥርጣሬ የለኝም። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ከእንጅባራ ወይም ከሀገረ ሰላም ያስመጣው ይሆናል። አትንቀዪው። ያረጀውን ግራጫ ግንድ አውጪ፣ ወጣቱን ተዪ። ጣትሽን በፕላስተር ጫን አድርገሽ ንቀይው፣ ፀጉሩ ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። ዓይንሽን እንዳታሺበት ብቻ።