መልስ፦ በ33 ዓመቴ ጉልበቴ እያመመኝ ነው፣ ከቮሊቦል ልውጣ?

አትውጪ፣ ዝላይሽን ቀንሺ። 33 ዓመት መጨረሻ አይደለም። ብራዚላዊቷ አቀባይ ፎፋኦ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ ወርቅ ስትወስድ 38 ዓመቷ ነበር፤ ያውም በአምስተኛ ኦሎምፒኳ!

ሕመሙ እንዳልሽው ከጉልበትሽ ሎሚ ግርጌ አንድ ቦታ ላይ ከሆነና ስትዘዪ የሚብስ ከሆነ፣ የተጎዳው ጅማቱ ሳይሆን አይቀርም። ጭራሽ ብታርፊ ጅማቱ ይደክማል፤ ስትመለሺም ያው ሕመም ይጠብቅሻል። ስለዚህ፦

1. ጀርባሽን ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ ሆነሽ 45 ሰከንድ ቆዪ። አምስት ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ በየቀኑ።

2. ሕመሙ ሲረግብ በሳምንት ሦስት ቀን ክብደት ይዘሽ ቁጭ ብድግ ሥሪ። ለመውረድ 3 ሰከንድ፣ ለመነሳት 3 ሰከንድ። ብዙዎች የሚበላሹት እዚህ ላይ ቸኩለው ነው፤ ጅማትን የሚያጠነክረው ዝግታውና ክብደቱ ነው፣ ውጤቱም በወራት እንጂ በሳምንት አይታይም።

3. ዝላይ ያለበት ልምምድ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን፣ በመሃሉ ቢያንስ 48 ሰዓት። በሌላው ቀን ኳስ መቀበልና ማቀበል።

መለኪያሽ የማግስቱ ጠዋት ነው። ደረጃ ስትወርጂ ከትናንቱ ከባሰብሽ ዝላዩ በዝቷል ማለት ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ሜዳችሁ ሲሚንቶ ነው ብለሻል፤ እዚያ ላይ ስፓይክ (ዘሎ ኳስ መምታት) አትደጋግሚ፣ ሶሉ ያለቀ ጫማም አታድርጊ።

አደራ፣ ጨዋታ ሲቃረብ «አንድ መርፌ ተወጊና ግቢ» የሚልሽን አትስሚ። ጅማቱ ላይ የሚወጋ ስቴሮይድ ሕመሙን ለጊዜው ያደነዝዘዋል እንጂ ጅማቱን ያሳሳዋል፤ ሊበጠስም ይችላል። ጉልበትሽ ካበጠ ወይም አልዘረጋ ካለ ግን ይህን ሁሉ ትተሽ የአጥንት ሐኪም ጋ ሂጂ።