ኬሞ ከወሰዱ በማግስቱ ለሚያስመልሳቸው እናትሽ

አብሽሪ እህቴ። «እናቴ ለካንሰሯ የሚሰጣትን መድኃኒት፣ ኬሞ፣ በወሰደች በማግስቱ ማስመለስ ጀምሯት ከእንግዲህ አልሄድም አለች፣ ምን ላድርግ?» ላልሽው፣ እኔም ታላቅ እህቴን ከኮምቦልቻ ደሴ እያመላለስኩ አስታምሜያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

1. የቤቱን መድኃኒት ሳትይዢ ከሆስፒታል እንዳትወጪ። ከኬሞው በፊት የሚሰጡት የማስመለስ መከላከያዎች፣ ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን፣ የሚይዙት በአብዛኛው የዕለቱን ነው። እንደ ሲስፕላቲን ያለው ኬሞ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። እኛን በመጀመሪያው ዙር ባዶ እጃችንን ሰደዱን። የመድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ኬሞ እኮ ነው፣ ማስመለሱ አይቀርም» አለችኝ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አይቀርም የተባለው በኋላ ቀርቷልና! እህቴ ውሃ እንኳ አልረጋ ብሏት በሌሊት ግሉኮስ ልናሰቅል የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣን። በቀጣዩ ዙር ሐኪሙን ይዤ «ለሚቀጥሉት ሦስት ቀናት የሚዋጥ ካልጻፍክልን አንሄድም» አልኩት። ዴክሳሜታዞን ጠዋት ጠዋት፣ ኦላንዛፒን ማታ አዘዘልን። ፋርማሲ «ይሄ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው» ቢሉሽ አትደንግጪ፤ በትንሽ መጠን ለማቅለሽለሽም ይታዘዛል፣ ማታ የሚሆነው እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነው። እናትሽ ስኳር ካለባቸው ግን አስቀድመሽ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ዴክሳሜታዞን ስኳር ከፍ ያደርጋል።

2. እስኪያቅለሸልሻቸው አትጠብቂ፣ በታዘዘው ሰዓት ይዋጡ። ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ ድርቀቱ ራሱ ማቅለሽለሹን ያብሰዋል።

3. ሽታ። እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር ተጣልቻለሁ። ወሎ ታማሚ ያለበት ቤት ጠያቂ አያጣም፣ ጠያቂ ካለ ቡና አለ፣ ዕጣን አለ፣ ጓዳ ቁሌት አለ። እህቴ የዕጣኑ ጭስ ገና ሲነሳ ነበር የሚያጥወለውላት። ቡናውን ጎረቤት ቤት አዞርኩት። «እንግዳ አባረረች» ተባልኩ፣ ይባል! እሷ ግን በዚያ ሳምንት ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት በሲኒ በሲኒ እየጠጣች ዋለች፣ ማታ ድንች ቅቅል ጠየቀች። የሚወዱትን ወጥ በነዚያ ቀናት አታቅርቢላቸው፤ ካስመለሳቸው በኋላ ይጠሉታል።

ውሃ ጭራሽ ካልረጋላቸው፣ ሽንታቸው ካነሰ ወይም ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ይዘሻቸው ሂጂ። የኬሞውን ስም ከካርዱ ላይ አይተሽ ጻፊልኝ፤ ከቀጣዩ ዙር በፊት ሐኪሙን ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ አብረን እናዘጋጃለን። አላህ ያሽርልሽ።