ቅን ሰውም ይሳሳታል

ውድ ልጆቼ፣

በሕክምና ሙያ የሸበትኩ ሰው ነኝ። ወጣቶች ስለ ፈዋሾች፣ ስለ ጠንቋዮችና ስለ ድብቅ ሴራዎች ሲጠይቁኝ ንግግራቸው ብዙውን ጊዜ «ሲያዩት እኮ የሚዋሽ አይመስልም» በሚል ይቋጫል። እኔም የሚዋሽ አይመስለኝም። አጭበርባሪ ውሎ አድሮ ይነቃበታል፤ የሚከብደው መጀመሪያ ራሱን አሳምኖ ከዚያ እናንተን የሚያሳምን ቅን ሰው ነው።

የሃንስን ታሪክ ልንገራችሁ። ሃንስ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ዊልሄልም ፎን ኦስተን በርሊን የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ፈረሴን ሒሳብ አስተማርኩት አሉ። ሦስት ሲደመር አራት ሲባል ሃንስ በሰኮናው ሰባት ጊዜ ይመታል። ለማሳየት ሳንቲም አያስከፍሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ጉዳዩን ያየ የባለሙያዎች ቡድን ማታለል አላገኘም፤ በእርግጥም አልነበረም። ቀጥሎ ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ መጣና መልሱን የማያውቅ ሰው እንዲጠይቅ አደረገ። ሃንስ ግራ ገባው። ጠያቂውን እንዳያይ ሲጋረድም እንዲሁ ሆነ። ለካስ ፈረሱ የሚከታተለው ቁጥሩን ሳይሆን ሰውየውን ኖሯል! ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደረስ ጠያቂው ሳይታወቀው ቀና ይላል፣ ፈረሱም ያቆማል። (እኔ ለፈረሱ ያለኝ አድናቆት ከዚህ በኋላ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።) ፉንግስት ምስጢሩን ከደረሰበት በኋላ እንኳ፣ ራሱ ሲጠይቅ ያችን እንቅስቃሴ መግታት አቅቶት ነበር።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይም እ.ኤ.አ. በ1853 ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው እጃቸውን ሲያሳርፉበት ጠረጴዛው ይንቀሳቀሳል፤ መናፍስት ናቸው ይባል ነበር። ፋራዳይ በእጃቸውና በጠረጴዛው መካከል በለስላሳ ማጣበቂያ የተያያዙ የካርቶን ንጣፎች አስገባ። ጠረጴዛው እጅን የሚጎትት ቢሆን ኖሮ የታችኛው ንጣፍ በቀደመ ነበር። የቀደመው ግን የላይኛው ነው። እጆች ይገፉ ነበር ማለት ነው፤ ባለ እጆቹ ግን አላወቁም።

በሙያዬ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው «ጠጥቼው ዳንኩ» ነው። የተናገረው ሰው መዳኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ የወገብ ሕመምም ብዙውን ጊዜ ይበረታል፣ ይረግባል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መሻል ሁሉ የወሰደው ነገር ውጤት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ የዳኑትን ብቻ አትቁጠሩ፤ ሳይወስዱ የዳኑትንና ወስደው ያልዳኑትን ጠይቁ። እነዚህ ሁለቱ ምስክር ሆነው ሲቀርቡ አይቼ አላውቅም።

ስለ ሴራ ባጭሩ፦ ሴራ የሚባል ነገር የለም አትበሉ። በአሜሪካ ቱስኪጊ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ፣ ሳያክሙ ይከታተሏቸው ነበር። ይህ የታወቀው፣ ሰነድ ስለነበረውና ውስጡን የሚያውቅ ሰው ለጋዜጠኞች ስላወጣው ነው። ማስረጃ አለመገኘቱ ራሱ «አየህ፣ ደብቀውታል» ተብሎ ማስረጃ የሚሆንበት ወሬ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያሸንፈው ምንም ዓይነት እውነታ ስለማይኖር፣ ብዙ ጊዜያችሁን አትስጡት።

ከሚያምን ወዳጅ ጋር ስትነጋገሩ «ትዋሻለህ» አትበሉት፤ አይዋሽማ። እንፈትነው በሉት። ከስንት ሙከራ ስንቱ ቢሳካ እንደምትቀበሉት አብራችሁ ወስኑና ሳትጀምሩ ጻፉት፤ ካልተጻፈ፣ በኋላ ሰበብ አይጠፋም፣ «ዛሬ ቀኑ አልነበረም» ይባላል። መልሱን የሚያውቅ ሰውም ከክፍሉ ይውጣ። ወዳጃችሁ አልፈትንም ካለ አታስጨንቁት፤ ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በእሱ ቃል አታቋርጡ።