ቁጠባንና ኪሳራን የሚያጋራ የግንባታ ውል፦ ጥያቄና መልስ

በግንባታ ወጪ ቁጥጥር ሥራ ላይ ብዙ ዓመታት ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ በታለመ ወጪ ላይ ስለሚመሠረተው የውል ዓይነት የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ውል ከለመድነው በምን ይለያል?

መልስ፦ በአገራችን የመንግሥት ግንባታ ክፍያ በአብዛኛው የሚፈጸመው የተሠራው ሥራ ተለክቶ በነጠላ ዋጋ ሲባዛ ነው። ተቋራጩ ቢቆጥብም ቢከስርም የራሱ ጉዳይ ስለሆነ፣ አሠሪው የሥራውን እውነተኛ ወጪ አያውቅም። በታለመ ወጪ ውል ግን ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በአንድ ጠቅላላ ዋጋ ይስማማሉ፤ ተቋራጩ ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ በትክክል ያወጣውን ገንዘብ ከተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ይወስዳል፤ ሥራው ሲጠናቀቅ ከታለመው ዋጋ በታች ወይም በላይ የሆነው ልዩነት ይከፋፈላል። በእንግሊዝ አገር በስፋት በሚሠራበት ኤንኢሲ (NEC) በተባለው መደበኛ የግንባታ ውል ውስጥ አማራጭ «ሲ» እና «ዲ» የተባሉት እንዲህ ያሉ ናቸው።

በቁጥር እንየው። የታለመው ዋጋ 100 ሚሊዮን ብር፣ ክፍፍሉም እኩል ነው እንበል። ሥራው በ92 ሚሊዮን ቢያልቅ ተቋራጩ ከቁጠባው 4 ሚሊዮን ተጨምሮለት 96 ሚሊዮን ይከፈለዋል፤ 110 ሚሊዮን ቢፈጅ ደግሞ የሚከፈለው 105 ሚሊዮን ሲሆን ቀሪውን 5 ሚሊዮን ከኪሱ ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ክፍፍሉ ሁልጊዜ እኩል ነው?

መልስ፦ አይደለም። በውሉ ላይ በእርከን ሊወሰን ይችላል፤ ለምሳሌ ኪሳራው ከታለመው ዋጋ ከ10 በመቶ ካለፈ በኋላ ያለውን ሁሉ ተቋራጩ እንዲሸከም ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የአሠሪ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነኝ። ተቋራጩ ገና ከጅምሩ የታለመውን ዋጋ አሳብጦ ቢያስገባ፣ ያልቆጠበውን ገንዘብ «ቁጠባ» ብለን ልናካፍለው አይደለምን?

መልስ፦ የውሉ ዋና ድካም ያለው እርስዎ በጠቆሙት ቦታ ነው። ብዙ ሰው በክፍፍሉ መቶኛ ላይ ሲከራከር ይውላል፤ እኔ ግን ከመቶኛው ይልቅ የታለመው ዋጋ እውነተኛነት እጅግ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አሠሪው የራሱን ግምት በራሱ ባለሙያ ካላሠራና ከተቋራጩ ግምት ጋር መስመር በመስመር ካላስተያየ፣ ውሉን ባይፈርም ይሻለዋል። ያበጠው ዋጋ አንዴ ከተፈረመ በኋላ የሚታረምበት መንገድ የለም። ሌላው በር የሥራ ለውጥ ነው፤ አሠሪው ለውጥ ባዘዘ ቁጥር የታለመው ዋጋም አብሮ ስለሚሻሻል፣ ዲዛይኑ ሳይጠናቀቅ የተጀመረ ሥራ ላይ ተቋራጩ ወጪ ከመቀነስ ይልቅ የታለመውን ዋጋ ከፍ በማስደረግ ላይ ይጠመዳል።

ጥያቄ፦ «በትክክል ያወጣው ገንዘብ» እንዴት ይረጋገጣል?

መልስ፦ የተቋራጩ የሒሳብ መዝገብ ለአሠሪው ክፍት መሆን አለበት፤ ክፍት መሆኑ ብቻ ግን በቂ አይደለም፣ በየወሩ ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ወቅት የኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ስመረምር፣ ማሽኑ በቀን አሥር ሰዓት እንደሠራ ተሞልቶ አገኘሁ፤ በዚያው ሳምንት የሳይቱ ዕለታዊ መዝገብ ላይ ግን የሃይድሮሊክ ቱቦው ተበጥሶ ሁለት ቀን ሙሉ እንደቆመ ፎርማኑ በእጁ ጽፎ ነበር። የነዳጅ ደረሰኙም ለሁለቱ ቀናት ባዶ ነበር። እነዚህን ሦስት ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ያልተሠራበት ሃያ ሰዓት እንደ ወጪ ይከፈል ነበር። እንዲህ ያለው ወጪ በውሉ «ተቀባይነት የሌለው» ተብሎ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በድንገት ሲንርስ?

መልስ፦ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ካልተካተተ ማንም ያላጠፋው ንረት ኪሳራ ሆኖ ይከፋፈልና ውሉ የማበረታታት ኃይሉን ያጣል። የዋጋ ንረት በጸናበት አገር ይህ አንቀጽ ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባውም።

ጥያቄ፦ በተግባር የተሳካበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ። የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ በሰሜን ባሕር የአንድሩ የነዳጅ መስክን ሲያለማ ከተቋራጮቹ ጋር ኅብረት መሥርቶ ትርፍና ኪሳራውን ተጋራ፤ 373 ሚሊዮን ፓውንድ የታለመው ሥራ ወደ 290 ሚሊዮን ገደማ ፈጅቶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ከታቀደው ጊዜ ስድስት ወር ያህል ቀድሞ ነዳጅ ማምረት ጀመረ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የለንደን ሂትሮው አምስተኛ ተርሚናል ደግሞ ከዚህ ይለያል፤ አሠሪው፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ባለቤት የነበረው ኩባንያ ቢኤኤ፣ የግንባታውን ሥጋት ራሱ ተሸክሞ ለተቋራጮቹ ወጪያቸውንና የተወሰነ ትርፍ ይከፍል፣ ቁጠባውንም ያካፍላቸው ነበር። በመክፈቻው ቀን የተፈጠረው የሻንጣ ቀውስ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ቢሆንም፣ 4.3 ቢሊዮን ፓውንድ የፈጀው ግንባታ የተጠናቀቀው በጊዜውና በበጀቱ ነው።

ጥያቄ፦ የመኖሪያ ቤቴን ለማሠራት ልጠቀምበት?

መልስ፦ አልመክርዎትም። ደረሰኝ የሚመረምርልዎት ባለሙያ ደመወዝ ብቻውን ሊገኝ የሚችለውን ቁጠባ ሊበላው ይችላል፤ ዲዛይኑን ጨርሰው በቁርጥ ዋጋ ቢዋዋሉ ይሻልዎታል።