ወተቱን በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ

ጤና ይስጥልኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 3 ወሯ ነው፤ ጡት ትጠባለች፣ ስለማይበቃት ግን የጣሳ ወተት እጨምርላታለሁ። መሀል ከተማ ስወጣ ታክሲ ጥበቃውም መጨናነቁም ተደምሮ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት ሁለት ጡጦ በጥብጬ በፎጣ ጠቅልዬ እይዛለሁ። 4 ሰዓት ያህል ቆይቶም ለብ እንዳለ ነው፤ ጣዕሙም ደህና ነው። ጠጥታ የተረፋትንም ለቀጣዩ አስቀምጣለሁ፤ ጣሳው ውድ ነው፣ መድፋት አልችልም። ባለፈው ሳምንት ተቅማጥ ያዛት። አማቴ «ጥርስ ልታበቅል ነው» ይላሉ። ወተቱ ይሆን?

መልስ

እህቴ፣ ተቅማጡ ከምን እንደመጣ በደብዳቤ አይለይም፤ ጥርስ ግን ተቅማጥ አያመጣም። አሁንም ካልተዋት፣ ወይም ትኩሳት፣ ደም ያለበት ሰገራ ወይም አልጠባም ማለት ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ፎጣውን ግን ተዪው።

የዱቄት ወተት ጣሳው ታሽጎ ቢመጣም ከጀርም የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ የተባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩበት ይችላሉ። ደረቅ ሳለ አይራቡም፤ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ግን በፍጥነት ይባዛሉ፣ ፎጣው ያንኑ ሙቀት ይጠብቅላቸዋል። ጣዕሙን ስለማይለውጡት መቅመስ ምንም አይነግርሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥና በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲጠጣ ይመክራል።

ስለዚህ ውሃውን በፔርሙዝ፣ ዱቄቱን ለብቻው ያዢ። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፔርሙዙ 70 እስኪደርስ ያለው ትርፍ 22 ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው። አስቀድመሽ በፈላ ውሃ አሙቂው፣ ያንን ደፍተሽ ሌላ የፈላ ውሃ እስከ አፉ ሙዪው። ጎዶሎ ፔርሙዝ ቶሎ ይበርዳል። ቴርሞሜትር ካገኘሽ አንድ ቀን ቤት ሆነሽ 4 ሰዓት ያህል አቆይተሽ ለኪው፤ ከ70 ከወረደ መንገድ ላይ ካፌ ገብተሽ የፈላ ውሃ ጠይቂ።

ጡጦው ሲቀቀል ሙሉ በሙሉ ይስጠም፤ ውስጡ አየር ከቀረ ያ ቦታ አልተቀቀለም። ጫፉንና ክዳኑን ገጥመሽ ያዢ። ዱቄቱን ተቀቅለው በደረቁ፣ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ለየምግቡ ለክተሽ አስቀምጪ። ፌስታል አይሆንም፤ እርጥበት ያጓጉለዋል።

ስትበጠብጪ ውሃው ይቅደም። ዱቄቱ ከቀደመ እስከ ምልክቱ የሚገባው ውሃ ያንሳል፣ ወተቱ ይወፍራል፤ ሆዷ ይደርቃል። እንዲበረክት ብሎ ማቅጠንም ምግቧን መቀነስ ነው። ጣሳሽ ለ30 ሚሊ ሊትር አንድ ማንኪያ የሚል ከሆነ ለ120 ሚሊ ሊትር አራት ማንኪያ፣ አፉ በቢላ ጀርባ የተጠረገ። አንዳንዱ ጣሳ ልኩ ይለያል፤ የራስሽን አንብቢ። ክዳኑን ዘግተሽ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን አብርጂው (ውሃው ክዳኑን አይንካ)፣ ከዚያ አንጓሽ ላይ ጠብ አድርጊ። ይህን ሁሉ ስትወርጂ እንጂ በሚንገጫገጭ ታክሲ ውስጥ አትሞክሪው፤ የፈላ ውሃ ነው። ታክሲ ውስጥ ጡትሽን ስጫት።

የተረፈው ምራቋ ስለነካው ይደፋ፣ ፍሪጅም አያድነውም። ብክነቱ ከከበደሽ በአንዴ 120 ከመበጥበጥ በ60 ጀምሪ፤ ካልጠገበች ሁለተኛውን 60 እዚያው በጥብጪላት። ዕቃዎቹንም በሁለት በሁለት ማንኪያ ሙያቸው።