ቁልፉን ነክታ የጠበቀችው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ አንድ ወጣት ፕሮግራመር አጠገቤ ቁጭ አለ። ዜድኤክስ ስፔክትረም ለሚባለው የድሮ የቤት ኮምፒውተር ጌም እየሠራ ነው። «ጋሼ፣ የሥዕል ፋይል በጣም የሚያሳንሰው ኮምፕረሰር፣ መጭመቂያ ፕሮግራም፣ የቱ ነው?» አለኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። በሱ ዕድሜ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ያኔ ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነው። ወንድሜ ስፔክትረም ከውጭ አመጣልኝ። ሜሞሪው 48 ኪሎባይት፣ ቁልፎቹ ላስቲክ፣ ፕሮግራም የሚጫነው ከካሴት። የሙዚቃ ካሴቱ ላይ ስለቀዳሁበት ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። ፊደል ማስተማሪያ ሠራሁ። «በ»ን ሲነኩ በግ ይመጣል። አንድ ሙሉ ሥዕል 6,912 ባይት ይበላል፤ ሰባት ሥዕል ሜሞሪውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጭመቅ ግድ ነው። ለሚደጋገመው አጭር ኮድ በሚሰጠው በሃፍማን ዘዴ፣ በላዩም ሌላ ደርቤ፣ ለወራት ባይት ስለቅም ከረምኩ።

አንድ ቀን የጎረቤታችንን ልጅ አስቀመጥኳት። ስድስት ዓመቷ ነው። «በ»ን ነካች። ስክሪኑ ጥቁር፤ የተጨመቀው ሥዕል ገና እየተፈታ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። «ተበላሸ?» አለችኝ። ደግማ ነካች። ሦስተኛው ፊደል ላይ ከወንበሩ ወርዳ ሰኞ ማክሰኞ ልትጫወት ወጣች። እኔ እኮ ስንት ባይት እንዳተረፍኩ ለወንድሜ እያስረዳሁ ነበር! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልጆች፣ የምትጨምቁት በላፕቶፕ ነው። የሚፈታው ግን 3.5 ሜጋኸርዝ በሆነው የስፔክትረም ፕሮሰሰር፣ በዜድ80 ነው። ድካሙን ላፕቶፑ ይቻለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዜድኤክስ0 የሚባል መጭመቂያ ሲጨምቅ ላፕቶፑን ያስጠብቃል፤ ትንሹ መፍቻ ፕሮግራሙ ግን 70 ባይት እንኳ አይሞላም። ኤልዜድ4 የሚባለው ሌላ መጭመቂያ ያን ያህል አያሳንስም። ሲፈታ ግን ሥራው በአብዛኛው «ወደ ኋላ ሂድና ያየኸውን ቅዳ» ነው፤ ዜድ80 ደግሞ ለዚህ ኤልዲአይአር የሚባል የራሱ ትእዛዝ አለው። ሙሉ ስክሪን ለመቅዳት የሰከንድ አንድ ሃያኛ አይፈጅበትም። እንደ ሃፍማን እያንዳንዱን ባይት በትኖ ቢት በቢት መልቀም ነው የሚገድለው።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ ሁለት ሰከንድ ከዘገየባችሁ ስልክ ትወረውራላችሁ። ሌላውን ማስጠበቅ ግን አይከብዳችሁም።

መጠኑን ተዉት ማለቴ አይደለም። ከካሴት ሙሉ ሜሞሪ መጫን አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ ነው። እዚያ ላይ አጥብቃችሁ ጭመቁ።

መፍቻውን በሁለት ሳምንት እንደገና ጻፍኩት። ፋይሉ ተለቀ፤ በጉ ግን ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ ብቅ ይል ጀመር። ልጅቷን ልጠራ ስሄድ ቤተሰቦቿ ወደ ኮተቤ ለቀው ነበር።