ወንድሟ «ኤልየኖች ወሰዱኝ» ላላት እህት

ከሐዋሳ የጻፍሽው እህቴ፣ ወንድምሽ የሌሊት ሽፍት ይሠራል፤ ቀን ሲተኛ ኤልየኖች፣ ማለት ከሌላ ዓለም የመጡ ግራጫ ፍጡራን፣ ደረቱን ተጭነው ከአልጋው ወሰዱኝ ይላል። «ሂፕኖሲስ ያስታውሰዋል ተባልኩ፣ ላስደርግለት?» ብለሻል። ሂፕኖሲስ ሰውን በንግግር እንደ እንቅልፍ ባለ ሁኔታ ውስጥ አስገብቶ መጠየቅ ነው። እባክሽ አታስደርጊለት።

የገለጽሽው ነገር እኛ ዱካክ የምንለው ነው። ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻን ያስራል፤ ባይሆን ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ ሰው ይነቃል፣ ጡንቻው ግን አልተፈታም፣ ሕልሙም አላለቀም። ዓይኑ ክፍሉን ያያል፣ ሕልሙ ፍጡር ይጨምርበታል። ደረቱ የሚከብደው በረጅሙ ልተንፍስ ሲል ጡንቻው ስለማይታዘዘው ነው። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ አልዋሸሽም፣ አላበደምም።

ሂፕኖሲስ ትዝታን አያጠራም፤ እርግጠኝነትን ነው የሚጨምር። በ1961 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ተወሰድን ያሉት ባልና ሚስት ባርኒና ቤቲ ሂል በ1964 ቦስተን ላይ ሂፕኖሲስ ሲደረግላቸው ብዙ ዝርዝር ተናገሩ። ያደረገላቸው ዶክተር ቤንጃሚን ሳይመን ግን የባርኒ ታሪክ ከቤቲ ሕልሞች የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። አንዴ ከታመነ በኋላ ደግሞ ሰውነትም ያምናል፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ማክናሊ ተወሰድን የሚሉ ሰዎችን የራሳቸውን ታሪክ ሲያሰማቸው ልባቸው በእውነተኛ አደጋ እንዳለፈ ሰው መታ።

አንቺም ስትጠይቂው ተጠንቀቂ። «መርፌ ወጉህ?» ካልሽው በሚቀጥለው ጊዜ መርፌው ይመጣል። «ከዚያስ?» ብቻ በይው። ለሌላ ሰው ሳያወራ በዚያው ቀን ይጻፍ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ በጀርባው ወይስ በጎኑ፣ መጮህ ቻለ ወይ፣ ጫት ይቅም ከነበረ ካቆመ ስንት ቀኑ ነው። ጫት ሲቆም ዱካክ ይበረታል፤ ያ ግን ወደ ጫቱ መመለሻ ምክንያት አይሁን።

በጎኑ ይተኛ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢያንስ ለ7 ሰዓታት፣ ወፍራም መጋረጃ ዘግቶ። ከመተኛቱ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ቡና ይቅርበት። ሲይዘው በሙሉ አካሉ አይታገል፣ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ የአንድ እግር ጣቱን ለማንቀሳቀስ ይሞክር። ሲፈታው ወዲያው ጋደም ካለ ይመለስበታል፣ 10 ደቂቃ ያህል ተነሥቶ ይቀመጥ። አጠገቡ ካለሽ ስሙን ጠርተሽ እጁን ንኪው፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጸበል ልሂድ ካለም አትከልክይው፣ ፍርሃቱ ከቀለለለት እንቅልፉም ይረጋጋል።

ምላሱን ከነከሰ፣ ሽንት ካመለጠው፣ ሲስቅ ጉልበቱ ከከዳው ወይም ፍጡራኑን ቆሞ እየሄደም ካያቸው ግን ዱካክ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፣ የጻፈውን ደብተርም ያዢ።